የአማቴ የመጨረሻ ደንበኛ

«በዚህ ፀደይ ካላበበ ይነቀላል፤ ቦታው በሲሚንቶ ይደፈናል» አሉኝ አከራያችን። ያሉኝ መቼ መሰላችሁ? የደንበኛዬ ማጅራት ላይ ምላጭ አሳርፌ ሳለሁ! ሌላ ፀጉር አስተካካይ ቢሆን ኖሮ እጁ ከድቶት የሰው ነፍስ ይጠፋ ነበር። እኔ ግን በዚህ ከተማ ብቻ ሳይሆን አውሮፕላን በሚደርስበት አገር ሁሉ ምላጭ ይዞ ደንግጦ የማያውቅ ሰው ስለሆንኩ፣ ማጅራቱን እንደ መስታወት አድርጌ ጨረስኩ፤ ምላጩን አስቀመጥኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተቆጣሁት። ቁጣም ሥርዓት አለው።

«እትዬ፣ ምን አጥፍቶ ነው የሚነቀለው?»

«ምን አጥፍቶ ትለኛለህ? ይኸው!» ብለው የቀሚሳቸውን ጫፍ አነሱና የተተረተረውን አሳዩኝ። «ባለፍኩ ቁጥር ይይዘኛል። አበባ ያለው ነገር ቢወጋም ይቻላል። ያንተው ግን ሥራው መውጋት ብቻ!»

«ያብባል እኮ፣ እትዬ!»

«ያብባል፣ ያብባል! አንተ ያብባል ስትለኝ እኔ አረጀሁ።»

ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ሳቀ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ።

«የግራ ጎንህ ገና አላለቀም፤ አስብበት» አልኩት። አሰበበትና ሳቁን ዋጠ።

የነገሩን ሥር ላስረዳችሁ። ይነቀል የተባለው ኩዊንስ የሚሉት ቁጥቋጦ ነው፤ ለፍሬው ሳይሆን ለአበባው የሚተከለው የጌጡ ዓይነት። የችግኝ ጣቢያዋ ሴትዮ ስትሸጥልኝ ያለችኝን አልረሳም። ብርድ አይገድለው፣ አፈር አይመርጥ፣ ውሃ ቢዘገይበት አያኮርፍ፤ ብርዱ ሲሰበር ደግሞ ቅጠል እስኪያወጣ እንኳ ሳይጠብቅ በባዶ እንጨቱ ላይ ቀይ አበባ ይለብሳል። ይሄን ሰምቼ ዝም ልል ነው? ጉድጓዱን ስቆፍር ሰዉ የውሃ መስመር የፈነዳ መስሎት ተሰበሰበ። የጭነት መኪና ከነተሳቢው ቢቀበርበት ቦታ ይተርፋል። ከውስጡ የፈነቀልኩትን ድንጋይ መንደሩ ዛሬም ያወራዋል፤ የረሳ ካለም እኔ አስታውሰዋለሁ።

የተከልኩት ከፀጉር ቤቴ ደጃፍ ጎን፣ እኔንና ፎቶ አንሺውን ጎረቤቴን የሚለየን ግንብ ሥር ነው። አደገ፤ እሾህ አወጣ፤ በእያንዳንዱ ፀደይ አረንጓዴ ቅጠል ለበሰ። አበባ ግን አንድም የለም! ደንበኞቼ «ጃርቱ» የሚል ስም አወጡለት። «ሲያብብ ከቅላቱ የተነሳ ሰው እሳት አደጋ ይጠራል» ብዬ ነግሬያቸው ስለነበር፣ በር በከፈቱ ቁጥር «እሳቱ ጠፋ እንዴ?» ይሉኛል። ይሄ ሁሉ ስድብ በነፃ! ፎቶ አንሺው ደግሞ ይባስ ብሎ «ሥሩ በግንቡ ሥር ሾልኮ ጓሮዬ በቀለብኝ» ብሎ አቤቱታ አቀረበ። «አንዲት ቅርንጫፉን ብትነካ መቀሴን ታውቀዋለህ!» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ራስ በመነቅነቅ ብቻ ሆነ፤ እሱም ከነቀነቀ።

አሁን ዋናውን ሰው ላስተዋውቃችሁ፤ አማቴን። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ልጃቸውን የዳሩልኝ እሳቸው፣ ፀጉር ቤቱን ትተውልኝ ጡረታ የወጡት እሳቸው። ጡረታ ወጡ የምለው ለክብራቸው ነው እንጂ እውነቱ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን አንድ ሰው ፀጉሩ ተጋምሶ ሳለ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብሎ ከወንበራቸው ተነሳ። ግማሽ ራሱን ተቆርጦ ሌላ ቀን የሚመለስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነውር አይደለም? እስከ መንገዱ ማዶ ተከትዬ የሰባት ቤት ስድብ አወረድኩበት። አማቴ ግን መቀሳቸውን በአልኮል ጠረጉ፤ ማበጠሪያቸውን ደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ ዱካ አስወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም ሰው ራሱን አልሰጣቸውም።

ሰው አልኩ እንጂ ጃርቱ ሰጥቷቸዋል።

ብርዱ ሊሰበር ሲል አንድ ጠዋት ይነሱና ፂማቸውን ይላጫሉ፤ ነጩን ጋውናቸውን ይለብሳሉ፤ «ዛሬ ደንበኛ አለኝ» ይሉናል። ለሰው የሚያለብሱትን ጨርቅ ቁጥቋጦው ሥር ያነጥፋሉ። መቀሱን በአየር ላይ ቀጭ ቀጭ ያደርጉና ወሬ ይጀምራሉ፤ እንደ ድሯቸው።

«ምነው እንዲህ ተንጨባረርክ? የሚቆጣህ ሰው የለም?» ይሉታል። እሾሁ ሲወጋቸው «ይሄ ደንበኛ ይናከሳል» ብለው ይስቃሉ። እጃቸው ቢንቀጠቀጥ ምን ይሆናል? እንጨት አይደማ፣ ተነስቶ አይሄድ። ጎንና ጎኑን አሳጥረው፣ ላዩን ክብ አድርገው ሲጨርሱት አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። እኔም ከበሩ ላይ ሆኜ «ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው!» እያልኩ ለመላው ዓለም አውጃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በባዶው እንጨት ላይ፣ ጥቅጥቅ ብለው የተለጠፉ ጥቃቅን እብጠቶች ያወጣል። አማቴ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ገና እንዳዩአቸው «ቅጫም!» አሉ። «ይኸው ቅጫም ጥሎበታል። አሁን ካልተለቀመ ሙቀት ሲገባ ይፈለፈልና አገር ያጠፋል።» ከዚያ በመቀሳቸው ጫፍ አንድ በአንድ ይለቅሟቸዋል፤ ከፀሐይ እስከ ፀሐይ። ዕድሜ ልኩን ራስ ሲያይ የኖረ ሰው ቅጫም ካለ ቅጫም ነው! እኔም ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ፤ ቁርጥ ቅጫም። የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ያን ዕለት ማታ አማቴ ሌላ ሰው ናቸው። ሳህናቸውን ያጸዳሉ፤ የድሮ ደንበኞቻቸውን እያነሱ ያስቁናል፤ «ይሄ ባልሽ መጀመሪያ የቆረጠው ራስ የማን እንደነበር ነግሬሻለሁ?» ብለው ልጃቸው ፊት ያዋርዱኛል። እኔም እዋረድላቸዋለሁ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብታ «አባዬ ዛሬ ሰው ሆኑ» ትለኛለች፣ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች።

እንግዲህ ፍረዱ። አከራያችን ነቅዬ እጥለዋለሁ የሚሉት ቁጥቋጦ አይደለም፤ ለአማቴ የቀራቸውን አንድ ራስ ነው። ይሄ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም አልኩ። በግድም ቢሆን ማበብ አለበት።

በማግስቱ የችግኝ ጣቢያዋ ሴትዮ ጋ ሄድኩ።

«በቅሎ ነው የሸጥሽልኝ!» አልኳት ገና ከበሩ።

«እንደምን ዋሉ» አለችኝ፣ እጇን ከአፈሩ ሳታወጣ። «የምን በቅሎ?»

«የማይወልድ! ያብባል ብለሽ የሸጥሽልኝ ኩዊንስ እስከ ዛሬ አንዲት አበባ አላሳየኝም።»

«ፀሐይ ያገኛል?»

«ፀሐይ የምትወጣው ከኔ ደጃፍ ነው!»

«ውሃስ?»

«ከኔ ቀድሞ ይጠጣል።»

«ትቆርጡታላችሁ?»

«መቁረጥ? እህቴ፣ እንደሱ ያለ አቆራረጥ በቤተ መንግሥትም የለም!»

«መቼ ነው የምትቆርጡት?»

ይኸውላችሁ! ተበዳይ ለክስ ሄዶ፣ እንደ ሌባ መቼ ነበርክ የት ነበርክ ይባላል። «መልስ ስታጪ መርማሪ ሆንሽ?» ብያት በሩን አጋጭቼ ወጣሁ። ከኋላዬ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለች ተጣራች። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው። አልተቀበልኳትም።

ደሜ እንደፈላ ወደ ቤት ስመለስ የፎቶ አንሺው መስኮት ፊት ደረስኩ። እንደ ወትሮው ፊቴን አዙሬ ላልፍ ነበር፤ ግን ቀይ ነገር ዓይኔን ያዘኝ። አዲስ ፎቶ ሰቅሏል። ሙሽራ ናት፤ ነጭ በነጭ ሆና ቆማለች፤ ከኋላዋ ግን አበባ በአበባ ነው። ቅጠል የሌለው ጥቁር እንጨት ላይ የፈሰሰ ቀይ። የፕላስቲክ ነው ብዬ ልስቅበት ተጠጋሁ። እሾሁን አየሁታ! ያንን እሾህ እኮ በጨለማም ብትሰጡኝ አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ከአማቴ ጣት አውጥቼዋለሁ። ቀና ስል ደግሞ ከሙሽራዋ ራስ በላይ፣ ከግንቡ ማዶ፣ የፀጉር ቤቴ ማስታወቂያ ጫፍ ብቅ ብሏል፤ ራሴ የሳልኩት መቀስ፣ አፉን ከፍቶ።

በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። ማጠፊያው እስካሁን ድምፅ ያሰማል ይላል ጎረቤቴ።

«ሌባ!»

ፎቶ አንሺው አንድ ሕፃን በአሻንጉሊት እያሳቀ ነበር። ሕፃኑ እኔን አይቶ ማልቀስ ጀመረ። «ጡሩምባ፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ጡሩምባ ማለት እኔ ነኝ፤ ምቀኛ ያወጣልኝ ስም ነው።

«አበባዬን! ቆፍሬ፣ ተክዬ፣ አጠጥቼ፣ አንተ ሙሽራ ታቆምበታለህ?»

«ና» አለኝና ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥቶ ወደ ጓሮው መራኝ።

መጀመሪያ የምጮኸውን መርጬ ነበር የሄድኩት፤ ግን እግሬ ጓሮውን ሲረግጥ ትቼው ግንቡን ማየት ያዝኩ። እኔ የመረጥኩትን ስድብ ሳልናገር ቀርቼ አላውቅም። በግንቡ ሥር ሾልኮ የወጣው የጃርቱ ግልገል ግንቡን ሞልቶታል። ከሥር እስከ ጫፍ ቀይ! ንቦቹ ገበያ የገቡ ይመስላሉ። እንጨቱ ያው ደረቅ፣ ያው ክፉ፣ ያው እሾህ ነው፤ አበባው ግን ጨርቅ ላይ እንደ ፈሰሰ ሻማ በላዩ ላይ ተጣብቋል። የዓለም አበባ ሁሉ ተሰብስቦ እዚያ ግንብ ላይ ተሰቅሏል ብል ማጋነን አይሆንም። ከግንቡ ወዲያ ማዶ ደግሞ የኛው፣ የተከረከመው፣ ክቡ፣ መላጣው። አንድ ሥር፣ አንድ አፈር!

«ምን አድርገህበት ነው?» አልኩት።

«ምንም።»

«ማዳበሪያ አለ።»

«ምንም አላደረግኩም አልኩህ! አንዲት ቅርንጫፉን ብትነካ መቀሴን ታውቀዋለህ አላልከኝም? አልነካሁም። ሳልነካው አበበ።» ጎንበስ ብሎ አንዲት ቅርንጫፍ በጣቱ ሳበልኝ። ጫፉ ላይ የተከፈተች አበባ አለች፤ ከሷ ሥር ግማሽ የተከፈተች፤ ከዚያ ሥር ገና ያልተከፈተች፣ ጥቅልል ያለች፣ ክብ፣ የምስር ፍሬ የምታክል እብጠት። «ይቺን ታውቃታለህ?»

አወቅኳት። ቅጫም።

«አባባ እኮ እነዚህን ነው በመቀሳቸው የሚለቅሙት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከፎቁ መስኮቴ አያቸዋለሁ። አበባው የሚወጣው ከቆየው እንጨት ላይ ነው፤ ሊያብብ ሲል ይቆርጡታል።»

«ታዲያ ጎረቤት አይደለህም? ለምን አልነገርከኝም!»

«ነግሬህ ነበር! ‹የፎቶ ሰው ስለ ፀጉር ምን ያውቃል› ብለህ ደንበኞችህን አሳቅክብኝ።»

እንደዚህ ዓይነት ነገር ብዬ ከሆነ፣ የነገረኝ አነጋገር ትክክል አልነበረም ማለት ነው። ሰው ሲነግር በደንብ መንገር አለበት። ይሄንኑ ነገርኩትና አከራያችንን ልጠራ ሄድኩ።

አከራያችን መጥተው አዩ። አፋቸውን በአንድ እጃቸው ሸፈኑ፤ ሌላውን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። እኔም አሸነፍኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«ታዲያ» አሉ በመጨረሻ፣ «የሚያምረው ያንተ ያልሆነው ነዋ!»

«እትዬ፣ ሥሩ የኔ ነው!»

«እኔ ሥር አከራይቼ አላውቅም። የማየው ከመንገድ ነው።» ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። «እስከሚመጣው ፀደይ ታገሥኩህ። ከመንገዱ በኩል ሲያብብ ካየሁ ይኖራል። ከዚያ በፊት መቀስ ሲነካው ካየሁ ግን ያንኑ ዕለት ቆፋሪ ይዤ መጣሁ።»

ይሄ ፍርድ ነው? ካልቆረጡት አማቴ ሥራ የላቸውም፤ ከቆረጡት ቁጥቋጦው የለም፤ ቁጥቋጦው ከሌለ አማቴ ሥራ የላቸውም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ጮኼ ነገርኳት፤ ከፈለጋችሁ የጮህኩት እሷ ላይ ነው በሉ።

«ንገራቸዋ» አለችኝ።

«እኔ? አባትሽ ናቸው!»

«ላንተ ደግሞ ጌታህ ናቸው፤ መቀስ ያስያዙህ። እኔ ‹አባዬ፣ ሲያበላሹ ነው የኖሩት› ልላቸው ነው?»

«እኔስ ልላቸው ነው?»

«አንተ ዋሽተህም ቢሆን ታስደስታለህ፤ ሌላ ጊዜ ማን ይችልሃል?»

ይሄንን እንደ ምስጋና ቆጠርኩትና ደጃፉ ላይ ከተቀመጡት አማቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። «አባባ፣ አዲስ ሕግ ወጥቷል» አልኳቸው። «ከመንግሥት። በፀደይ መግቢያ ቁጥቋጦ መቁረጥ በመላው አገሪቱ ተከልክሏል። ሄሊኮፕተር ይዞራል።»

አዩኝ። «ስትዋሽ ድምፅህ ይወፍራል» አሉኝ። «ድሮም እንዲሁ ነህ። ምን ሆነ ደንበኛዬ?»

እጃቸውን ይዤ ወደ ፎቶ አንሺው ጓሮ ወሰድኳቸው። ፎቶ አንሺው ወንበር አመጣ፤ አልተቀመጡም። መነጽራቸውን አወጡ። ሁልጊዜ ራስ ሲመረምሩ እንደሚያደርጉት አንድ ቅርንጫፍ በሁለት ጣታቸው ለየት አድርገው ያዙ። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቅርንጫፉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ያልተከፈተችውን እብጠት ነኩ። ከላይዋ ያለችውን ግማሽ የተከፈተች ነኩ። ከዚያ የተከፈተችውን።

«ይቺ... ያቺ ናት?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ቅጫም አይደለማ።»

«ቅጫም ትመስላለች እኮ! ማንም ሰው ቢያይ...»

«አይደለም» አሉ። ቅርንጫፉን ቀስ ብለው ለቀቁት። «ደንበኛዬ ሊያገባ በለበሰ ቁጥር መላጣ ሳደርገው ኖሬያለሁ።» ቤት ገብተው መቀሱን በአልኮል ጠረጉ፤ በደንበኛ ጨርቃቸው ጠቀለሉ፤ ለባለቤቴ ሰጧት። «አስቀምጪው ልጄ፤ ለማንም አይሆንም» አሏት።

አበባው ከረገፈ በኋላ ጫፍ ጫፉን መንካት እንደሚቻል ብነግራቸው፣ ጃርቱ ራሱ ናፍቆዎታል ብላቸው፣ ፎቶ አንሺው ሳይቀር መጥቶ «አባባ፣ የኔን በኩል ያስተካክሉልኝ» ቢላቸው እንቢ አሉ። «አላወቅኩም ነበር ስቆርጥ። ካወቅኩ በኋላ ግን በየትኛው እጄ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት አታስታውሱኝ። ሳህናቸው ሙሉ ይመለሳል። ስለ ድሮ ደንበኞቻቸው ብጠይቃቸው «ረሳሁ» ይላሉ። የማይረሱ ሰው! አንድ አበባ፣ አንድ የማይበላ፣ የማይጠጣ ቀይ ነገር፣ አማቴን እንዲህ ሲያደርግብኝ ማንን ልክሰስ? የችግኝ ሻጯን ሰደብኩ፤ ፎቶ አንሺውን ሰደብኩ፤ ንቦቹን ሰደብኩ። ባለቤቴ «እኔን መስደብ ስትጀምር ንገረኝ» አለችኝ።

ዓመቱ ዞረ። ብርዱ ሊሰበር ሲል፣ በኛ በኩል፣ በመንገዱ በኩል፣ ያልተከረከመው ጃርት በየእንጨቱ ላይ እብጠቱን አወጣ። ከቅጫም ይልቅ ብዙ! አማቴ ከጠዋት ጀምሮ ዱካቸውን አጠገቡ አስቀምጠው ይጠብቁታል። የሚነካውን ሁሉ ይቆጣሉ። የመንገድ ጠራጊው መጥረጊያውን ቢያስጠጋበት «ቀስ! ሊለብስ ነው!» ይሉታል። እትዬ ሲያልፉ ደግሞ ከዱካው ብድግ ብለው፣ ቀሚሳቸውን እንዳይዝ ቅርንጫፉን በእጃቸው ገለል ያደርጉላቸዋል።

መቀስ የላቸውም። ግን አንድ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይገባ በመስኮቱ አየኋቸው። ከቁጥቋጦው ፊት ቆመዋል። ግራ እጃቸው ያልያዘውን ማበጠሪያ ይዟል፤ ቀኝ እጃቸው ያልያዘውን መቀስ ይከፍታል፣ ይዘጋል። አየር ይቆርጣሉ። ከቅርንጫፉ ራቅ አድርገው፣ ተጠንቅቀው፣ አየር ይቆርጣሉ።

ልቤ ተቃጠለ። በዚህ ምድር ላይ ስንት ሺህ ጭንቅላት ያለ ሥራ ይዞራል! ምንም የማይታሰብበት፣ ባርኔጣ ብቻ የሚደረግበት ጭንቅላት! ከዚያ ሁሉ አንድ ራስ፣ አንድ ብቻ፣ ለዚህ ሰው ይጠፋል? ይሄንን ጮክ ብዬ ስናገር ባለቤቴ ከውስጥ «ያንተውስ?» አለችኝ።

«የኔ ምን?»

«ራስህ።»

ሙያተኛ ነኝ እኮ! ራሴ ማስታወቂያዬ ነው። ሰው ከመንገድ ፀጉሬን አይቶ ነው የሚገባው፤ ከሌላ ከተማ ድረስ አይተው ለመሄድ የሚመጡ አሉ። ይሄን ሁሉ ላስረዳት አፌን ስከፍት፣ እሷ ጥቅሉን ከቁም ሳጥን አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ጨርቁ፣ በውስጡ መቀሱ።

ትልቁን ወንበር፣ የደንበኛውን፣ ብቻዬን ተሸክሜ ወደ ደጅ አወጣሁት። ያ ወንበር ከብረት የተሠራ ነው፤ አንድ በሬ ያክላል። ቁጥቋጦው ፊት አስቀመጥኩት፣ ተቀመጥኩ፣ ጨርቁን ራሴ አንገቴ ላይ አሰርኩ።

«አባባ፣ ደንበኛ መጥቷል።»

ዞረው አዩኝ። «ማን?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ሰው ይታይዎታል?»

«አንተ ፀጉርህን ማንን ታስነካለህ?»

«ያስተማረኝን።»

«እጄን ታውቀዋለህ።»

«ራሴም እጅዎን ያውቀዋል። ደግሞ አባባ፣ ተነስቼ ብሄድ የትም አልደርስም፤ ምሳ የምበላው እርስዎው ጋ ነው።»

መቀሱን ተቀበሉኝ። ከኪሳቸው ማበጠሪያውን አወጡ፤ ለካ ያ አልተለያቸውም። ከኋላዬ ቆመው በአየር ላይ ቀጭ ቀጭ አደረጉት። ከዚያ የመጀመሪያው ፀጉር ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ ብዙ ነው፤ ከሚገባው በላይ ብዙ ነው። ማጅራቴ ላይ ቀዝቃዛ አየር ገባኝ። እዚያ ፀጉር መኖር ነበረበት።

«ምነው እንዲህ ተንጨባረርክ?» አሉ። ድምፃቸው ያ የድሮው ነው። «የሚቆጣህ ሰው የለም?»

መንገደኛው መቆም ጀመረ። ፎቶ አንሺው ከበሩ ወጥቶ እጁን አጣምሮ «ጡሩምባ፣ ማነው እንዲህ ያሳመረህ?» አለ። «አርፈህ ሂድ! ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው!» ብዬ ጮህኩበት። አማቴ ራሴን ወደ ፊት ገፍተው አስጎነበሱኝ። ጎንበስ ስል ነው ያየሁት። ከጉልበቴ ፊት፣ በመንገዱ በኩል፣ በዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ተከፍቷል። ከላዩ ሌላ። ከዚያ በላይ ሌላ።

እትዬ በዚያው ሰዓት ዘምቢላቸውን አንጠልጥለው ሲመጡ እግራቸው ቆመ። ቁጥቋጦውን አዩ። እኔን አዩ። እንደገና ቁጥቋጦውን አዩ።

«አበበ እኮ!» አሉ።

«ይነቀላላ?» አልኳቸው፣ ጎንበስ እንዳልኩ።

«ምኑ ይነቀላል! አፌን በቆረጠው።» ጠጋ ብለው አንዷን አበባ አሸተቱ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ቀንሰው «አንተን ግን ምን አገኘህ? አሞህ ነው?» አሉኝ።

ልመልስላቸው ቀና ስል ቀዝቃዛ ብረት ቆነጠጠኝ።

«አባባ! ጆሮዬን!»

«ዝም ብለህ ተቀመጥ» አሉኝ አማቴ፣ ራሴን መልሰው እያስጎነበሱ። «ጆሮ አያብብም።»